ዳማ ብቻዋን መዋል ስትለምድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ስለ አንዲት ቡችላ ነው። ዳማ እላታለሁ፤ ስሙን ያገኘችው በቀለሟ ነው። ቤቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ብቻዬን እኖራለሁ። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። «ቀኑን ሙሉ ሥራ እየዋልክ ቡችላ እንዴት ታሳድጋለህ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

አገራችን ውሻ የሚያድገው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢ ደግሞ ባዶ አይሆንም። እናት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ዘበኛ አለ፣ ሌላ ውሻም ይኖራል። ብቻውን የሚውል ቡችላ ብዙም ስለማናውቅ፣ ብቻውን መዋልን የማስለመድ ልማድም የለንም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እየገባች ነው። በሩ ተቆልፎ የሚውል ቤት በዛ። ውሻውም አብሮን ፎቅ ወጣ። ስለዚህ የማደርገውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ ልጽፍ ነው። ነገ እንደኔ ዓይነት ቤት ውስጥ ቡችላ ሊያሳድግ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ዳማ ገና አልመጣችም። የምትመጣው ከሥራ ባልደረባዬ ግቢ ነው። እናቷ የሐበሻ ውሻ ነች፤ አባቷን የሚያውቅ የለም። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ እንዳትለይ ተነጋግረናል። መንገድ ዳር ታቅፈው የሚሸጧቸውን ቡችሎች ሳይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ ጡት በቅጡ አልጣሉም። ቡችላ ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ያለ ጊዜው የተለየ ቡችላ ሲያድግም ፈሪና ጯሂ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ብቻውን ሊውል ለታሰበ ውሻ ደግሞ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ዛሬ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አወረድኩት። ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን የሚይዘው በዕድሜው ወር ቁጥር ያህል ሰዓት ነው፤ ቢበዛ አንድ ይጨመርበታል። የሁለት ወር ቡችላ ሁለት ሰዓት፣ ግፋ ቢል ሦስት። የአራት ወር አራት፣ ግፋ ቢል አምስት። ቢሮአችን 2:30 ይገባል፣ 6:30 ለምሳ ይወጣል፣ 7:30 ተመልሶ 11:30 ያበቃል። መገናኛ ድረስ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ስጨምርበት፣ ከጠዋቱ 1:15 እስከ ምሽቱ 12:30 ቤት አልኖርም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው። ሒሳቡ አይገጥምም። የትኛውም ልምምድ ብቻውን አያስገጥመውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልገኛል። አንደኛ፣ እኔ በሌለሁበት የምትውልበት፣ ሽንቷን የምትሸናበትም ቦታ ያለው በብረት የታጠረ ክልል። ሁለተኛ፣ ቀኑን ለኔ የሚከፋፍልልኝ ሰው። ሦስተኛ፣ ጊዜ ወስዶ ማለማመድ። የዓመት ፈቃዴን ለሦስተኛው አስቀምጬዋለሁ። ብርታት የሚሰጠኝ አንድ ነገር ቢኖር ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ መሆኑ ነው። ካልፈራች ቀኗ በአብዛኛው እንቅልፍ ነው።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ከሥራ ስወጣ ክልሉን ላሠራ ብየዳ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ንድፌን አይቶ «ለዶሮ ነው?» አለኝ። ለቡችላ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነው ስለው አልተገረመም። ሰሞኑን ለሌላ ሰውም ሠርቶ ነበር።

ልኩ ይኸው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር። ፍሬሙ ባለ 20 በ20 ቱቦላሬ ነው። በመሐሉ ፌሮ ይቆማል፤ በፌሮዎቹ መሐል 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ከዚያ ከሰፋ ጭንቅላቷን ታሾልክና ትቀረቀራለች። ፌሮው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የቆመ ነው የሚሆነው። ወደ ጎን ከሆነ መሰላል ይሆንላታል። አራቱ ጎን በማጠፊያ የተያያዘ ስለሆነ ሲፈለግ ተጣጥፎ ግድግዳ ይደገፋል። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። የብየዳውን ሹል በግራይንደር አስከርክሜዋለሁ። ጥርሷ የሚደርስበትን ቦታ ቀለም አላስቀባሁትም፤ ቡችላ ቀለም መፋቅ ይወዳል።

ለምን በረንዳ ላይ አላስርም ያለኝ ሰው አለ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ያነድዳል፤ የብረቱ ክፍተትም ቡችላ ያሳልፋል። በሰንሰለት የታሰረ ቡችላ ገመዱ ይጠመጠምበታል። ሽንት ቤት መዝጋትም አለ። እዚያ ጨለማ ነው፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ በረኪናና ሳሙና የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ክልሉ የሚተከለው ሳሎን ጥግ ላይ ነው፤ እኔ ቤት ስሆን የምቀመጥበት ቦታ አጠገብ። እንደ እስር ቤት ሳይሆን እንደ ክፍሏ ልታየው ይገባል።

ከሥሩ ፕላስቲክ ምንጣፍ ዘረጋሁ። በአንዱ ጫፍ አልጋዋ፣ በሌላው ጫፍ የአሮጌ ጋዜጣ ንጣፍ። ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበት ላይ መሽናት አይወድም። ሁለቱ ከተራራቁ ሥራው ግማሽ በግማሽ ቀለለ ማለት ነው። ለውኃ ከሸክላ የተሠራ ጻህል ገዛሁ። ከባድ ነው፣ አይገለበጥም። ሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ለእሷም አንድ ጀሪካን ለብቻ ይቀመጣል።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

መጣች። መንገዱን ሙሉ እጄ ላይ ተኛች። ከቤት በፊት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ቡችላ ገዳይ በሽታዎች የሚከላከለውን የመጀመሪያ ክትባቷን ወሰደች፣ የትል መድኃኒትም ተሰጣት። ክትባቱ አራት ወር ገደማ እስኪሆናት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የትሉ መድኃኒት ደግሞ ሦስት ወር እስኪሞላት በየሁለት ሳምንቱ ነው። ሐኪሟ አጥብቃ የነገረችኝ ነገር አለ። ፓርቮ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ክትባቱ ሳያልቅ የሠፈር ውሻ የሚረግጠውን መሬት መርገጥ የለባትም። ስለዚህ ውጭ ሰውና መኪና የምታየው ታቅፌያት ነው።

ሌሊት ክልሏን አልጋዬ አጠገብ አደረግኩት። እናቷንና ወንድሞቿን ባጣችበት ሌሊት ብቻዋን ሳሎን መጣል አልፈለግኩም። አንዳንድ ሰው «ከመጀመሪያው ቀን ይልመድባት» ይላል። እኔ አልስማማም። ቀን ላይ ብቻዋን መሆንን ልታምን የምትችለው መጀመሪያ ቤቱን ካመነችው ነው።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ልምምድ ጀመርን። የክልሉ በር ክፍት ነው። ምግቧን የምትበላው እዚያ ውስጥ ነው፣ የምትተኛውም እዚያ ነው። ስትገባ ማንም አይገፋትም። ስትተኛ ቀስ ብዬ በሩን እገፋዋለሁ፤ ሳትነቃ እከፍተዋለሁ።

ከዚያ እኔ መጥፋት ጀመርኩ። ወደ ማዕድ ቤት ገባ ብዬ ወዲያው እመለሳለሁ። ትንሽ ቆየት ብዬ እመለሳለሁ። ደግሞ አሳጥረዋለሁ። ሁልጊዜ እያረዘሙ መሄድ ጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ መውጣት ካለፈው የባሰ እንደሆነ ከገባት መፍራት ትጀምራለች። አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር ሲል ግን ነገሩ ቀላል ይሆንላታል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ሳትጨነቅ መመለስ።

ለቅሶውን መለየት ያስፈልጋል። መነጫነጭ አለ። ትንሽ «እእ» ትልና ታዳምጣለች፣ ትዞራለች፣ ትተኛለች። እሱን ታገሥኩት፤ ጸጥ ስትል ገባሁ። ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። የተጨነቀ ቡችላ ያላዝናል፣ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ ብረት ይቧጭራል፣ ምግብ ፊት ቢቀርብለትም አይነካም። ያንን መታገሥ አይገባም፤ ርምጃው በዝቷል ማለት ነውና ወደ ኋላ መመለስ ነው። «ትጩህ፣ ደክሟት ትተወዋለች» የሚሉ አሉ። ደክሟት ስትተው ጸጥ ብላ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን አልወጣላትም። በማግሥቱ ገና ጫማ ስታነሣ ትጀምራለች።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጫማ ብያለሁ። ዳማ ምልክቶቼን ከወዲሁ ይዛቸዋለች። ቁልፍ ሲንቃጨል ጆሮዋ ይቆማል። ቦርሳ ሳነሣ ትከተለኛለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያለ ቁም ነገር ቁልፍ አነሣለሁ፣ ቡና እያፈላሁ። ጫማ አድርጌ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ቦርሳዬን ይዤ እቃ አጥባለሁ። በሩን ቆልፌ እከፍታለሁ፣ ሳልወጣ። ማታ ላይ ቁልፉን ስወረውረው ቀና እንኳ አላለችም። ይህን ሥራ ማንም ሰው ሥራ ነው አይለውም። ለኔ ግን እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ ውጤቱ ቶሎ የታየ እሱ ነው።

የድሮ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ቪዲዮ እንዲቀዳ አደረግኩት። በኢሞ ደውሎ ማየትም ይቻላል፤ ግን መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ይቋረጣል። ቅጂው ግን አያመልጥም። ብቻዋን ስትሆን የምትሆነውን ሳያዩ መገመት ከንቱ ነው። ጎረቤት «ጸጥ ብላ ነበር» ቢልህም፣ ጸጥ ብላ ስትንቀጠቀጥ ውላ ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ዛሬ የክልሉን ያህል የሚያስፈልገኝን ነገር አገኘሁ። ፊት ለፊቴ ካሉት እማማ ጋር ቡና ጠጣን። ጉዳዩን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። «እማማ፣ ሥራ ስገባ ቀን ላይ ብቅ ብለው የሚያዩልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«ትናከሳለች እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«ጥርሷ እንደ መርፌ ነው፤ ስትጫወት ትነክሳለች። የክትባት ካርዷን አሳይዎታለሁ። የእብድ ውሻውንም ሦስት ወር ሲሞላት ትከተባለች።»

ካርዱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ነገሩኝ። ጸበልና ሥዕል ያለበት ቤታቸው ውሻ አይገባም። እሳቸው ወደ ቤቴ ይመጣሉ እንጂ ዳማ ወደሳቸው አትሄድም። ተስማማሁ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እሳቸው ይመጣሉ። የልጅ ልጃቸው ጠዋት ነው የሚማረው። 7 ሰዓት ላይና 9:30 ላይ እሱ ይመጣል። ገንዘብ ሳነሣ ተቆጡኝ። የልጁን ደብተርና የትምህርት ቤት ቁሳቁስ እኔ እንድገዛ ግን እሺ አሉ።

ለልጁ ደንብ ነገርኩት። ስትበላ አትንካት። ስትተኛ አትቀስቅሳት። ጋዜጣውን ቀይር፣ ውኃ ጨምር፣ ትንሽ ተጫወት፣ ውጣ። ሲገባም ሲወጣም ሞቅ ያለ ሰላምታ የለም። መምጣትና መሄድ ተራ ነገር መሆን አለበት።

ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። እነሱንም ሄጄ አናገርኳቸው። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት ማጠብ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ደረጃ ላይ ዳማ ሁልጊዜ እቅፍ ናት፤ ማንንም አትልስም። አባትየው «ከጮኸች እንነግርሃለን፣ አንቀየምም» አሉኝ። እኔ የምለው፣ ጎረቤትን ማናገር ከመጀመሪያው ጩኸት በፊት ነው እንጂ ከክስ በኋላ መሆን የለበትም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ዛሬ ግማሽ ቀን ቢሮ ዋልኩ። ከመውጣቴ በፊት ታቅፌያት ውጭ ወጣሁ፣ ተጫወትን፣ ጋዜጣው ላይ ሸናች፣ በላች። የደከመና የጠገበ ቡችላ ይተኛል። ከዚያ የእንቁላል ካርቶን ሰጠኋት። በየጉድጓዱ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ አስገብቼ በሌላ ካርቶን ከድኜዋለሁ። እየቀደደች ታወጣዋለች። ከዚህ በፊት አጠገቧ ሆኜ አይቻታለሁ፤ ወረቀቱን ትተፋዋለች እንጂ አትውጠውም። የሚውጥ ውሻ ላለው ሰው ግን አይሆንም። አሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ መሐሉ ምግብ መደበቅም ጥሩ ነው፣ ጨርቅ የማይበላ ከሆነ።

አንገቷ ላይ ያለውን ማሰሪያ አወለቅኩ። ክልል ውስጥ ብቻውን ያለ ቡችላ ማሰሪያ ማድረግ የለበትም፤ ብረት ላይ ይያዛል፣ ያንቃል።

ማታ ቅጂውን አየሁት። ስወጣ ቀና ብላ በሩን አየች። ካርቶኑን ቀደደች። ሥጋውን አንድ ሳታስቀር በላች። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ፣ ምክንያቱም የፈራ ውሻ አይበላም። ሰው ደረጃ በወጣ ቁጥር ግን ትነቃለች። ነገ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ከፍቼ እሄዳለሁ። ዘፈን ሳይሆን ወሬ የሚበዛበት ጣቢያ መርጫለሁ፤ የደረጃውን ኮቴ ይሸፍናል።

ጽዳትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ምንጣፍ ላይ የተሸናውን በበረኪና አላጸዳም። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደረትና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። መጀመሪያ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ውኃና አቼቶ እኩል ቀላቅዬ እጠርገዋለሁ። ሽታው ከቀረ ነገም እዚያው ትሸናለች።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ሙሉ ቀን። ፈቃዴ አለቀ። እማማ 4 ሰዓት ላይ ገብተው ደወሉልኝ፦ «ተኝታለች፣ ልቀስቅሳት?» አይቀስቅሷት አልኩ። 7 ሰዓት ላይ ልጁ ፎቶ ላከልኝ። ጋዜጣው ላይ ሸንታለች፣ አልጋዋ ደረቅ ነው። 9:30 ላይም ደህና። ማታ ስገባ ጭራዋን እየቆላች ጠበቀችኝ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ከዚያ ነው የከፈትኩላት። ቀኑ ሙሉ ጸጥ ያለ አልነበረም። ቅጂው ላይ ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ አላዝናለች፣ ደረጃው ላይ ዕቃ ሲወርድ። ራሷ ተወችው።

ከአሁን በኋላ ዓርብን እጠቀምበታለሁ። ዓርብ ምሳ 5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ሦስት ወር ሞላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ወሰደች። በየዓመቱ ይደገማል። አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም በአብዛኛው ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ለልጁም ነግሬዋለሁ። ዳማም ትሁን ሌላ ውሻ ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ደብቆ ማደር የለም። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ሰው ልጁን አምኖ ወደ ውሻዬ ሲልክ እኔም የሚጠበቅብኝን መጨረስ አለብኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያንን ሁሉ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ ቆሻሻ ማቃጠሉ ልማድ ሆኖ ቀረ። የብሎካችን ሰው ገና በማለዳ ቆሻሻ ማቃጠል ጀመረ። ጭሱ በሳሎን መስኮት ይገባል። የዳማ ክልል ደግሞ እዚያው ሥር ነው። ክልሉ ተጣጣፊ መሆኑ ዛሬ ጠቀመኝ። ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩት፣ የሳሎኑን መስኮት ዘጋሁ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ አደረግኩ። አዲስ ቦታ ስለሆነባት ቢሮ አርፍጄ ገባሁ፤ እስክትተኛ ጠበቅኋት። እማማም ቤተ ክርስቲያን ስለዋሉ የ4 ሰዓቱን እኔው ሸፈንኩት ማለት ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጥሩ አልነበረም። አንድ ሰው መጥቶ በሩን በኃይል ደበደበ። ቆጣሪ ሊያነብ ይሁን ሌላ፣ አላወቅንም። ቅጂው ላይ ዳማ ስትዘል፣ ወደ ጥግ ስትሸሽ ይታያል። ከዚያ ልጁ እስኪመጣ ድረስ አላዘነች። ሬዲዮውም መብራት ስለሄደ ጸጥ ብሎ ነበር። ማታ ከታች ያሉት አባት ደረጃ ላይ አገኙኝና «ዛሬ ስታለቅስ ዋለች፣ አሞአታል?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ስለጠየቁኝ አመሰገንኳቸው።

ወደ ኋላ ተመልሰናል። ማታ ማታ እንደገና አጭር መውጣት፣ አጭር መመለስ። ልጁ ከውጭ ቀስ ብሎ በሩን ያንኳኳል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ሥጋ እጥልላታለሁ። ቀስ በቀስ ጠንከር ያደርገዋል። ጥሩ ነገር እንደሚከተል ከገባት ማንኳኳቱ አያስፈራትም። በሩ ላይም ወረቀት ለጠፍኩ፦ «እባክዎ አያንኳኩ፣ ይደውሉ» ከነስልክ ቁጥሬ። ሬዲዮውንም በባትሪ የሚሠራ አደረግኩት።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

በሩ ሲንኳኳ አሁን ቀና ብላ ወደ እጄ ነው የምታየው። ተመልሳለች።

ስለ ምግብ ልጻፍ፤ ከብቻ መዋል ጋር ይያያዛል። ሆዷ የተበላሸ ቡችላ ክልሉን ያበላሻል፣ ይጨነቃል። ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ እገዛለሁ፤ ከሩዝ ጋር ቀቅዬ ከደረቅ የውሻ ምግብ ጋር እሰጣታለሁ። በጥሬው አልሰጥም። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ዕጢ ይገኛል። ውሻ በጥሬው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል። ረቡዕና ዓርብ የሠፈራችን ሥጋ ቤት ስለማይከፍት ማክሰኞና ሐሙስ ገዝቼ እቀቅላለሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለገባ ደግሞ ፍሪዘሩን አስቀድሜ ሞልቻለሁ፤ እንቁላልም አለ።

የወጥ ትርፍ የለም። ለእማማ ይህን ማስረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፣ ምክንያቱም ግቢ ያደገ ውሻ ሁሉ የበላው እሱን ነው። ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም አይሰጥም። እማማ አሁን ሲመጡ ባዶ እንጀራ ቁራሽ ይዘው ነው የሚመጡት። ያ ችግር የለውም።

ጥርሷ እየተቀያየረ ነው። ብረቱን፣ አልጋውን፣ ሁሉን ትግጣለች። ወፍራም ጨርቅ ቋጥሬ ውኃ ነክሬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ስወጣ እሱን ትይዛለች። ድዷን ያቀዘቅዝላታል። ጨርቁ መበጣጠስ ከጀመረ ይጣላል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዳማ አራት ወር አልፏታል። የክትባቱ ዙር አልቋል። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በራሷ እግር ደረጃ ወርዳ ከብሎኩ ጀርባ ትሸናለች። በየደረጃው ግን አሁንም በማሰሪያ አጠገቤ ነች፤ ለጎረቤቶቼ የገባሁት ቃል አለ። ጠዋት ላይ እማማ እስኪመጡ ጋዜጣው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ልጁ 9:30 ላይ የሚመጣው አሁን ለሽንት ሳይሆን ለጨዋታ ነው። ጋዜጣውን ግን አላነሣሁትም። ይዛ ልትቆይ መቻሏ፣ ይዛ እንድትቆይ ማስገደድ ተገቢ ነው ማለት አይደለም።

ክልሉ እየጠበባት ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንዱን ጎን ከፍቼ የሳሎኑን ግማሽ እለቅላታለሁ፤ መጀመሪያ ቤት ስሆን፣ ቀጥሎ አጭር ስወጣ፣ ከዚያ በሥራ ቀን። ስድስት ወር ሲሆናት ስለ ማምከን ከሐኪሟ ጋር እንነጋገራለን። ለእማማ ተጨማሪ ቁልፍ አስቀርጫለሁ። ለልጁ የሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ደብተር ተገዝቷል።

ለሰኞ የቀረኝ ሥራ ይህ ነው። የቴሌቪዥኑንና የፍሪጁን ገመድ ከግድግዳው ጋር በክሊፕ መምታት፣ የመጋረጃውን ጫፍ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ የጫማ መደርደሪያውን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት። ክሊፑን ዛሬ ከሰዓት ገዛሁ፤ ድሪሉን ከጎረቤት ተውሼ ነገ እመታዋለሁ።